የሲያትሏ ነጭ ቤተ ክርስቲያን እና ያልተጻፈው የኛ ታሪክ

ሲያትል መሃል ከተማ፣ ሁለተኛው ጎዳና ከኮሎምቢያ መንገድ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ፣ ዛሬ ዓይን የሚገባው ፎቅ ብቻ ነው። በ1855 ግን (ዘመኑን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) እዚያ ነጭ ቀለም የተቀባች ትንሽ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ቆማ ነበር። የከተማዋ የመጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን እሷ ናት፤ ከፕሮቴስታንት ወገን የሆኑት የሜቶዲስቶች ነበረች። በዚያው ዓመት አገራችን ላይ ካሳ ኃይሉ ደረስጌ ማርያም ውስጥ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ሲያትል በዚያን ጊዜ በጫካና በባሕር መካከል የተጣበቀች፣ ከእንጨት መሰንጠቂያዋ ሌላ እዚህ ግባ የሚባል ነገር የሌላት መንደር ነበረች።

ፓስተር ዴቪድ ብሌን እና ባለቤታቸው ካትሪን ከኒውዮርክ ግዛት ተነስተው የደረሱት በ1853 መጨረሻ ነው። አዲስ ሙሽሮች ነበሩ። በመርከብ እስከ ፓናማ፣ ፓናማን በየብስ ተሻግረው እንደገና በመርከብ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን። ሲደርሱ የጠበቃቸው ጉባኤ አልነበረም። በሜቶዲስቶች ሥርዓት አገልጋዩን የምትመድበው ቤተ ክርስቲያኗ ናት። ሰው ሊሰፍር ነው ወደተባለበት ምድር ቀድማ ትልካለች።

እኛ የሲያትል ኢትዮጵያውያን ኦርቶዶክሶች በተቃራኒው ነው የመጣነው። በሱዳን በኩል አልፈው እዚህ የደረሱት ቀደምት ስደተኞች ካህን አልተላከላቸውም። መጀመሪያ ሰው ቤት ተሰበሰቡ። ከዚያ ፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አዳራሽ ተከራዩ። ካህኑ የመጣው በኋላ ነው፤ እሱም በስንት ደብዳቤና በስንት ልመና። የኪራዩን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ሲያወራ የማይቀር ነገር አለ። ባለቤቶቹ ሳይመጡ ሁሉ ነገር መነሳት ነበረበት። መጋረጃው ይወርዳል፣ ምንጣፉ ይጠቀለላል፣ ወንበሩ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ የዕጣኑ ሽታ እንዲወጣ መስኮት ይከፈታል። አገር ቤት ይሄ የለም። እዚያ ደብሩ ከኛ በፊት ነበር፣ ከኛ በኋላም ይኖራል። ጥዱም ወይራውም ከአያቶቻችን ይበልጣል። ሰው ደብር ውስጥ ይወለዳል እንጂ ደብር አይመሠርትም።

በመካከላችን አንድ የሚያገናኝ ነገር አይቻለሁ። ሜቶዲስቶች ከእንግሊዝ አገር ጀምሮ ምእመኑን ወደ ዐሥራ ሁለት ሰው በሚሆን ቡድን ይከፋፍሉት ነበር። ቡድኑ በየሳምንቱ ይገናኛል፣ ስለ ኑሮው ይጠያየቃል፣ ሳንቲም ያዋጣል። መሪው ካህን መሆን የለበትም። ፓስተሩ በፈረስ ከመንደር መንደር ሲዞር ወራት ቢቆይም ጉባኤው የማይበተነው በዚህ ነው። የጽዋ ማኅበር ያለው ሰው ይሄን ለመረዳት አይቸገርም።

ብሌኖች ሲያትል ብዙ አልቆዩም። ካትሪን በ1854 የከተማዋ የመጀመሪያ አስተማሪ ሆኑ። በጥር 1856 በሰፋሪዎችና በአካባቢው ነባር ሕዝቦች መካከል ውጊያ ሲነሳ ገና የቀናት አራስ ነበሩ። ሕፃኑን ታቅፈው ወደብ ላይ ወደቆመው የጦር መርከብ ገቡ። ከዚያ ቤተሰቡ ወደ ኦሪገን ሄደ። እኚህ ሴት በ1848 ሴኔካ ፎልስ ላይ በወጣው የሴቶች መብት መግለጫ ላይ ከፈረሙት አንዷ ናቸው። በስተርጅና ሲያትል ተመልሰው፣ የዋሽንግተን ግዛት በ1883 ለሴቶች የመምረጥ መብት ከሰጠች በኋላ መራጭ ሆነው ተመዝግበዋል።

ይሄን ሁሉ እንዴት አወቅን? ባልና ሚስቱ ለዘመዶቻቸው ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ዘመዶቹም አልጣሉትም። ስለ ኑሮ ውድነቱ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ጎረቤቱ ጽፈዋል። ክፉውም አለበት። የምድሪቱን ነባር ሰዎች፣ እነ ዱዋሚሽን፣ በንቀት ነው የሚያነሷቸው። ሲነበብ ያማል። ከተማዋ ስሟን የወሰደችው ከነዚሁ ሰዎች መሪ ነው። በ1865 ደግሞ ነባሮቹ ከተማ ውስጥ እንዳይኖሩ የሚከለክል ደንብ አወጣች። ያ ንቀት ከወረቀት ባይተርፍ ኖሮ፣ ዛሬ የሚቀርልን ስለ ነጯ ቤተ ክርስቲያን የሚተረክ ጣፋጭ ተረት ብቻ ነበር።

መከፋፈሉም ተጽፏል። ሜቶዲስቶች በጳጳሳት ሥልጣን ተጣልተው በ1830 ተለያይተው ነበር። ነዋሪዋ ጥቂት መቶ በሆነ ከተማ ውስጥ ሁለተኛ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን በ1865 ተሠራች። የዚህችኛዋ ፓስተር ዳንኤል ባግሊ በ1861 ለተከፈተው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ብዙ የደከሙ ሰው ናቸው። ሕዝቡ አንዷን ነጯ፣ ሌላዋን ቡኒዋ ይላቸው ነበር። ሁለቱ ወገኖች በአገር ደረጃ የታረቁት በ1939 ነው። እኛም ተለያይተናል። በሲኖዶስ ተለያይተን፣ በ2018 አባቶች ሲታረቁ ብዙዎቻችን አልቅሰናል። ግን በየአጥቢያው ማን ምን ብሎ እንደወጣ፣ ማን በሩን እንደዘጋ የጻፈ ሰው አላየሁም።

መጻፍ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶቻችን የርስቱን ነገር በወንጌሉ ኅዳግ ላይ ይጽፉ ነበር፤ ማን መሬት ሰጠ፣ እነማን መሰከሩ፣ በማን ዘመን። የስደቱ ታሪካችን ግን በስልክ ወሬ አለቀ። እናት ጋ ተደወለ፣ «ቤተ ክርስቲያን አገኘን እማዬ» ተባለ፣ ካርዱ አለቀ፣ ወሬውም በዚያው ቀረ።

መሥራቾቹ አርጅተዋል። አንዳንዶቹን ቀብረናል። አሁን ኪሳችን ያለው ስልክ ሰዓታት ሙሉ ድምፅ ይቀርጻል። ከቅዳሴ በኋላ፣ ቡናው እስኪወርድ፣ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት አጠገብ መቀመጥ ይቻላል። እኔ የምጠይቀውን ይዣለሁ። አዳራሹን ማን አገኘው? የመጀመሪያውን ኪራይ ማን ከፈለ? መጋረጃው የተሰፋው ማን ቤት ነው? በምን ተጣላችሁ? ያን ቀን ማን ከማን ጋር ወጣ?