የኮምቦልቻው ሐዲድ ዕዳ የማን ነው?

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ ቡና ላይ ሁለት ጓደኞቼ ተጋጩ። አንዱ «አገሪቱን ዕዳ ውስጥ የዘፈቃት ኢሕአዴግ ነው» አለ። ሌላው «በብልጽግና ጊዜ በብር ስንት እጥፍ እንደሆነ አታይም?» ብሎ ጮኸበት። አቦሉ ቀዘቀዘ፣ እነሱ ግን አልበረዱም።

የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር አልነበረም። አንዱ በዶላር ይቆጥራል፣ ሌላው በብር። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ብዙም ሳይቆይ 100 ብር አለፈ። ስለዚህ አንዲት ዶላር ሳንጨምር፣ የ1 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ከ57 ቢሊዮን ብር ወደ 100 ቢሊዮን ዘለለ። ይህ የምንዛሪ ጣጣ ነው፤ አዲስ ብድር አይደለም።

ዩሮቦንዱንም፣ ማለትም መንግሥት ለውጭ ባለሀብቶች በዶላር የሸጠውን የብድር ሰነድ፣ እንይ። 1 ቢሊዮን ዶላሩን በ2007 የተበደረው ኢሕአዴግ ነው። ታኅሣሥ 2016 የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለዱ ሳይከፈል የቀረው በብልጽግና ጊዜ ነው። ደግሞስ ብልጽግና በ2012 ሲመሠረት ከአራቱ የኢሕአዴግ ድርጅቶች ሦስቱ ገብተውበት የለም እንዴ? አብረው ሲወስኑ የነበሩ ሰዎች ዛሬ እንግዳ መምሰላቸው ያናድደኛል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የእኛው የወሎ ሐዲድ ነው። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው መስመር 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሉ የ1.7 ቢሊዮን ዶላር ነው። የሠራው የቱርክ ኩባንያ ነው፤ አብዛኛው ገንዘብም ከቱርክና ከአውሮፓ ባንኮች የመጣ ብድር ነው። እስከ ኮምቦልቻ ያለው ሥራ ሊያልቅ ሲል ባቡሩን የሚያንቀሳቅስ መብራት (ኤሌክትሪክ) አልተገኘም። መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር ጦርነቱ ኮምቦልቻ ገባ፣ ንብረቱም ተዘረፈ። ሐዲዱን አቋርጬ አውቃለሁ። ከኮምቦልቻ በባቡር ተሳፍሬ ግን አላውቅም።

መብራቱ ሳይታሰብ ውሉ ለምን ተፈረመ? ከተፈረመ በኋላስ ለምን ዘገየ? የመጀመሪያው ጥያቄ የቀድሞዎቹ ነው፣ ሁለተኛው የሁለቱም። ጦርነቱን ደግሞ በየትኛው ፓርቲ ሒሳብ ላይ ብቻ ነው የምንጽፈው?

ሰኞ ገበያ ሱቅ ያላት አክስቴ የዱቤ ደብተር አላት። ጥግ ጥጉ በዘይት ወይቧል። ማን፣ ምን፣ መቼ ወሰደ፤ ስንት ከፈለ፤ ስንት ቀረው፤ ሁሉም አለበት። ሰው ሲከራከራት አትጮህም፤ ገጹን ገልጣ ታሳያለች። የገንዘብ ሚኒስቴርም የዕዳ መረጃ በየጊዜው ያወጣል፣ ግን በእንግሊዝኛ ነው። የሰኞ ገበያ ሰው እንዴት ያንብበው? በአማርኛ፣ በየፕሮጀክቱ ይውጣልን። ከዚሁ መስመር ይጀመር፦ ስንት ተከፈለ? ስንት ቀረ? ባቡሩስ መቼ ይነሳል?