ኦዲተሩ ያልደረሰውንም ሰው ይቁጠርልን

የኦዲት ሪፖርት በወጣ ቁጥር የምንሰማው ነገር ተመሳሳይ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ ሳይወራረድ ቀረ፣ ይህን ያህል ክፍያ ያለ ደረሰኝ ተፈጸመ። ይነገረን፣ ደግ ነው። የሕዝብ ገንዘብ እስከሆነ ድረስ አንዷም ሳንቲም ልትጠየቅ ይገባል። እኔን ሁሌ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። መድኃኒቱ ለታመመው ሰው ደረሰ ወይ? ድጎማው የሚገባት እናት እጅ ገባ ወይ?

አንድ የጤና ጣቢያ መድኃኒት መጋዘን እናስብ። መደርደሪያው ላይ ቢን ካርድ ተንጠልጥሏል። ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ፣ ሁሉም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። ካርዱ 40 ካርቶን ይላል። ሲቆጠርም 40 ነው። ሒሳቡ ገጠመ፣ ተፈረመ። ካርቶኑን ገልበጥ አድርጎ ያየ ሰው ግን የመድኃኒቱ መጠቀሚያ ጊዜ ካለፈ ወራት እንደሆነው ያነባል። ከግድግዳው ማዶ ደግሞ አንዲት እናት “መድኃኒቱ የለም” ተብላ ልጇን ታቅፋ ትመለሳለች። ቆጠራውን ብቻ ላየ ሰው እዚህ ቤት ምንም አልጎደለም።

የክዋኔ ኦዲት የሚባለው ለዚህ ነው የሚያስፈልገው። ገንዘቡ በሕጉ መሠረት ወጣ ወይ ከማለት አልፎ፣ የታሰበለትን ሥራ ሠራ ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ቁጥጥር ስለበረታ ብቻ ግን ደኅና ሆነ ማለት አይደለም። በኔዘርላንድስ የሆነውን ማየት ይበቃል። የግብር ባለሥልጣኑ የሕፃናት ማቆያ ድጎማ የሚያገኙ ወላጆችን አጭበርብራችኋል ብሎ ማሳደድ ያዘ። ፎርም ላይ አንድ ፊርማ በመጉደሉ ብቻ የተቀበሉትን ድጎማ በሙሉ መልሱ የተባሉ ነበሩ። ጥምር ዜግነት ያላቸው ሰዎች ለምርመራ ይበልጥ ይለዩ ነበር። ከ20 ሺህ የሚበልጡ ወላጆች ዕዳ ውስጥ ተዘፈቁ፤ ቤታቸውን ያጡ፣ ትዳራቸው የፈረሰ ብዙ ናቸው። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 መንግሥቱ ራሱ ሥልጣን ለቀቀ።

አውስትራሊያም አላግባብ የተከፈለ ድጎማ ለማስመለስ በተዘረጋው “ሮቦዴት” በተባለ አሠራር የባሰ ነገር አይታለች። ኮምፒዩተሩ የሰውን የዓመት ገቢ ወስዶ ለ26 እኩል ያካፍላል፤ አንዱ ድርሻ የሁለት ሳምንት ገቢ ነው ተብሎ ይያዛል። እንግዲህ ሦስት ወር ሠርቶ ከዚያ ሥራ ያጣን ተማሪ አስቡት። በኮምፒዩተሩ ስሌት ይህ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ ነበር። ስለዚህ ሥራ በሌለው ጊዜ የተቀበለው ድጎማ ዕዳ ሆኖ ይመጣበታል። ዕዳ የለብኝም ካለ ማስረጃ አምጣ የሚባለው እሱው ነው። እንዲህ ያለ ዕዳ ከ400 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ ተጭኗል። አሠራሩ ሕገወጥ እንደነበር መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2019 ፍርድ ቤት አምኗል፤ ገንዘቡንም መልሷል። የተመለሰው ግን ገንዘቡ ብቻ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው።

ስርቆት የለም እያልኩ አይደለም። አለ፣ ከባድም ነው። ነገር ግን አላግባብ የተከፈለ ሁሉ የተሰረቀ አይደለም። በአሜሪካ ለአረጋውያን የጤና መድን የሆነው ሜዲኬር እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የአገሪቱ የኦዲት መሥሪያ ቤት ከፍተኛ ስጋት አለባቸው በሚላቸው ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ያው መሥሪያ ቤት ግን አላግባብ ክፍያ ሲል ማስረጃው ያልተሟላውን፣ እንዲያውም ከሚገባው በታች የተከፈለውን ጭምር እንደሚያካትት ደጋግሞ ይናገራል። ዜናው ላይ ይህ ሁሉ “ተዘረፈ” በሚል አንድ ቃል ይጠቀለላል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጥብቅ መመሪያ ደግሞ የሚያርፈው ወረቀት ማሟላት በሚያቅተው ደካማ ሰው ላይ ነው።

ደስ የሚለኝ የሕንዶቹ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በራጃስታን ገጠር የመንግሥት ሥራ የሠሩ ሰዎች የክፍያ መዝገብ አደባባይ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ ጀመር። ስሙ ሲጠራ “እኔ እኮ ያን ቀን አልሠራሁም” የሚል ይነሳል። “እሱ እኮ ከሞተ ቆየ” የሚል ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የገጠር ሥራ ዋስትና ሕግ ይህን የማኅበረሰብ ኦዲት ግዴታ አደረገው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ መዝገቡን መመርመር ቻለ። ወረቀቱ እውነት ይናገር እንደሆነ ከእነሱ የበለጠ ማን ያውቃል?

ስለዚህ ኦዲተሩ ከተጠቃሚዎች ዝርዝር የተወሰኑ ስሞችን አውጥቶ ቤታቸው ድረስ ይሂድ። ምን ያህል እንደደረሳቸው፣ መቼ እንደደረሳቸው፣ ለማግኘት ስንት ቀን እንደተመላለሱ ይጠይቅ። ከዚያ ወጥቶ ስማቸው ዝርዝሩ ላይ የሌለውን የጎረቤታቸውን በር ያንኳኳ። “እርስዎስ ለምን አልተመዘገቡም?” ይበላቸው። የሚሰጡት መልስ በሪፖርቱ ውስጥ ከጎደለው ደረሰኝ እኩል ቦታ ይሰጠው።