ማስተካከያ፦ ስለ ተናዛዥ ነፃነት

ባለፈው ጽሑፌ «ሰው ንብረቱን ለፈለገው ማውረስ ይችላል» ብዬ ያለ ገደብ መጻፌ ስሕተት ነበር። የየአገሩ የውርስ ሕግ ይለያያል፤ በፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ተናዛዡ እንደ ፈቃዱ የሚያዘው አንድ ልጅ ካለው በግማሹ፣ ሁለት ካሉት በሲሶው፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ካሉት በሩቡ ብቻ ሲሆን፣ የቀረው ለልጆቹ የተጠበቀ ድርሻ ነው። በእንግሊዝ ነፃነቱ ሰፊ ቢሆንም፣ በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ በቂ መተዳደሪያ ያልተተወላቸው የትዳር ጓደኛና ልጆች ለፍርድ ቤት እንዲያመለክቱ ይፈቅዳል። ስለዚህ «ቤቴን ለእህቴ ልጅ አውርሻለሁ» የሚል፣ በወጉ የተፈረመ ኑዛዜ እንኳ (ብዙዎች ፊርማው ሁሉን የሚቋጭ ይመስላቸዋል) የተናዛዡ ልጆች ድርሻችን ተነካ ብለው ከተከራከሩ ሊቀነስ ይችላል። ጽሑፌን ተከትላችሁ ኑዛዜ ያዘጋጃችሁ፣ የምትኖሩበትንና ንብረቱ የሚገኝበትን አገር ሕግ ለሚያውቅ ባለሙያ አሳዩት።