የአፋርን ግጦሽ ከብት አልጨረሰውም

ሰሞኑን ስለ ቆላው ድርቅ በተካሄደ አንድ የምክክር መድረክ ላይ፣ አንድ ኃላፊ የአፋርን መሬት ወደ በረሃነት የለወጠው የከብት ብዛት እንደሆነ፣ መድኃኒቱም አርብቶ አደሩን አንድ ቦታ ማስፈርና ዛፍ መትከል እንደሆነ አስረድተው በጭብጨባ ተሸኝተዋል። ስለ ሠፈራው ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን። ዛፉን ግን እንዴት ደፍረው አነሡት?

ከብቱ ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ፣ እንደ 2008 ዓ.ም. ያለ ድርቅ መንጋውን ጨርሶ ባለፈ ቁጥር ሣሩ ባገገመ ነበር። በአሚባራና በገዋኔ መንጋው በሳሳበት ቦታ የበቀለው ግን ሣር አይደለም፤ ፕሮሶፒስ የተባለ እሾሃማ ዛፍ ነው። ይህን ዛፍ ደግሞ አርብቶ አደሩ አላመጣውም። በ1970ዎቹ በረሃማነትን ይገታል፣ ማገዶና ጥላ ይሆናል ተብሎ በመንግሥት ፕሮጀክቶች ከባሕር ማዶ መጥቶ የተተከለ ነው። ዛሬ በክልሉ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይዟል።

ተስፋፍቶ የሄደበትን መንገድ ማየት ይበቃል። ሣር ያጣች ፍየል ጣፋጩን ፍሬ ትለቅማለች፤ ዘሩ በሆዷ አልፎ፣ ጠንካራ ሽፋኑ ለስልሶ፣ ከነማዳበሪያው በሌላ ቀበሌ ይወድቃል። ድርቅ በበረታ ቁጥር እንስሳው ከዚህ ፍሬ ሌላ የሚበላው ስለማይኖር፣ ድርቁ ራሱ ዘሪ ይሆናል። ሥሩ ጥልቅ ውኃ ይስባል፤ እሾሁ የከብት ሰኮና ወግቶ ያሰነክላል፣ የመኪና ጎማም ይበሳል። ፍሬውን ብቻ አዘውትሮ የበላ ከብት ጥርሱና ሆዱ ይታመማል። የግሬቪ የሜዳ አህያና ሳላ በሚግጡበት የሃላይደጌ ሜዳ እንኳ ሣሩን እየገፋ ገብቷል፤ የዱር እንስሳቱ ደግሞ ብዙ ከብት አርብተዋል ተብለው አይከሰሱም።

አርብቶ አደሩ ድርቅ አዲሱ አይደለም። በበጋ ወደ አዋሽ ዳርቻ ወርዶ፣ ጎርፍ ባጠጣው ሣር ላይ ከርሞ፣ ሲዘንብ ይመለስ ነበር። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የቆቃ ግድብ ጎርፉን ሲገታው፣ የተንዳሆና የአሚባራ የጥጥ እርሻዎችም ዳርቻውን ሲይዙት፣ የ1965ቱ ድርቅ መሸሻ ያጣ መንጋ ላይ ደረሰ። በረሃማነት በእኔ እምነት የዝናብ ማነስ ብቻ ሳይሆን የመሸሻ ማጣት ውጤት ነው፤ ይህን መሸሻ የወሰደው ደግሞ ዛሬ ከብት ቀንሱ እያለ የሚመክረው ራሱ መንግሥት ነው። በጊዜ መሸጥ ይጠቅማል፣ እሺ። ድርቁ ከገባ በኋላ ግን ሁሉም በአንድ ቀን ከብቱን ወደ ገበያ ሲነዳ፣ የበሬ ዋጋ ወርዶ የእህል ዋጋ እንደሚሰቀል ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል።

ዛፉን ለከሰል ቆርጦ ማጥፋት ይቻላል የሚሉም አሉ። ከመሬት በላይ የተቆረጠ ፕሮሶፒስ ግን ብዙ ቅርንጫፍ አውጥቶ ይመለሳል፤ ለማጥፋት ግንዱን ከአፈር በታች ቆፍሮ መቁረጥ፣ ቦታውን ወዲያው በሣር መሸፈን፣ ችግኙንም ለዓመታት መንቀል ያስፈልጋል። ይህን ያህል ጉልበትና ገንዘብ መንጋው ካለቀበት አባወራ መጠበቅ ነውር ነው። ዛፉን ያስተከለው መንግሥት ነው፤ የመንቀያውን በጀት ይመድብ፣ ከዚያ በፊት ስለ አዲስ ችግኝ አያውራን።