ይድረስ ለታችኛው የግራ መንጋጋዬ፣ ባለህበት

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? እኔ ከአንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ደብዳቤ እንዲህ ይጀመራል ተብለን ነው ያደግነው። ነገር ግን አልናፈቅከኝም። ጉንጬ እንደ ድፎ ዳቦ ከመነፋቱ በስተቀር ደህና ነኝ። አንተም በሶፍት ተጠቅልለህ፣ ክብሪት ቤት ውስጥ ሆነህ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጠሃል። እንደ ልማድህ ሌሊት ተነስተህ ትጮህ እንደሆነ ብዬ ትናንት ሁለት ጊዜ ሄጄ አዳምጬሃለሁ።

"አንተ" ማለቴ አይክፋህ። ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉንጬን በሁለት እጄ ደግፌ "እርስዎ" እያልኩ ለምኜህ ነበር። አርባ አራቱንም ታቦት በየስማቸው ጠርቼ አማልጄብሃለሁ። አልሰማህም። የራሱን ጥርስ እርስዎ ያለ የመጀመሪያው ጎንደሬ ሳልሆን አልቀርም፤ ይህን ውርደት በመካከላችን አስቀረው።

ቀን አመራረጥህን ግን አደንቃለሁ። ቤቴ ቁጭ ብዬ የምጠብቅህ፣ ሐኪሙም ሥራ ፈትቶ በር በሩን የሚያይበት ስንትና ስንት ቀን አልፎ፣ አንተ ከተራን መረጥክ። ጥር 10 ቀን ከተማው ነጭ ለብሶ፣ ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ፣ አጠገቤ የቆመ ወዳጄ ከኪሱ የሽምብራ ቆሎ ዘግኖ ሰጠኝ። ሦስተኛው ፍሬ ላይ "ቀጭ!" አልክ። ከዚያ ሁሉ እልልታና ከበሮ መካከል ድምፅህን ለይቼ ሰማሁት። አንዲት እናት ዘወር ብለው "ምነው ልጄ?" ቢሉኝ፣ "ጥርሴን" ልላቸው አፌን ስከፍት የጥር ነፋስ ገባብኝና እንባዬ ዱብ አለ። እርሳቸውም "የታቦቱ ፍቅር ነው፤ አልቅስ ልጄ" ብለው ነጠላቸውን አመቻችተው አለፉ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የተባለውኮ ለቀሚስ ነው። አንተን ምን አገባህና ተሰነጠቅክ?

በማግስቱ የሠራኸውን ሥራ ደግሞ አልረሳውም። የመዋኛው ውሃ ከቀሃ ወንዝ የተጠለፈ ነው፤ በጥር ጠዋት ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ለጎንደር ሰው አይነገርም። ካህናቱ ባርከው ሲረጩ ሕዝቡ ሁሉ ፊቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ "እኔንም! እኔንም!" ይላል። እኔም አልኩ። አፌን ከፍቼ አልኩ። አንዲት ጠብታ፣ አንዲት ብቻ፣ ሰው ሁሉ በረከት ወደሚቀበልበት ሳይሆን በቀጥታ ወደ አንተ ስንጥቅ ገባች። ጎረምሶቹ ከነልብሳቸው ውሃው ውስጥ እየዘለሉ ሲስቁ እኔ የደረቀ መሬት ላይ ቆሜ ከእነርሱ ይበልጥ ተንቀጠቀጥኩ። ጥር 12 ቀን ደግሞ ቃና ዘገሊላ ነው፤ የሚካኤል ታቦት የሚገባበት ቀን። ያንኳኳሁት የሐኪም በር ሁሉ ዝግ። የጥርስ ሐኪም ለካ ዘመድ አለው፤ በዓልም ያከብራል።

ቀን ቀን አንገትህን ደፍተህ ጨዋ ትሆናለህ። ጎኔን አልጋ ላይ ሳሳርፍ ነው ንግግር የሚጀምርህ። በኋላ ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ፣ ሰው ሲተኛ ወደ ራሱ የሚሄደው ደም ይበረታል፤ የአንተ ነርቭ ደግሞ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ አብጦ የተቀመጠ ነው፤ ትንሽ ግፊት ሲጨመርበት መውጫ የለውምና ይጮሃል። ምክንያቱ ገብቶኛል። ግን እኔ ግድግዳ ተደግፌ እንደ ዘበኛ ሦስት ሌሊት ቁጭ ብዬ ሳድር፣ በቀኝ በኩል ያለው ወንድምህ ያው ነርቭ እያለው እንቅልፉን ሲለጥጥ ነበር።

የሰፈሩን ሕክምናም አንተው ነህ ያመጣህብኝ። ጎንደር ውስጥ ጥርሱን ያመመው ሰው ጉንጩን ይዞ ከደጁ ከወጣ በሐኪም መከበቡ ነው። አንዷ ቅርንፉድ አምጥታ ስንጥቅህ ውስጥ ወሸቀችብኝ፤ እውነት ለመናገር ለአንድ ሰዓት ያህል አፍህን አዘግታህ ነበር፤ ዘይቱ ያደነዝዛል። ሁለተኛው ነጭ ሽንኩርት አለኝ፤ አንተን ትቶ ድዴን ላጠው። ሦስተኛው አረቄ አፌ ውስጥ እንድይዝ አዘዘኝ። ያዝኩ። አንተ አልደነዘዝክም፤ እኔ ግን ለአማቴ ደውዬ የማልናገረውን ተናገርኩ። አንድ አዛውንት ደግሞ የአስተናግር ፍሬ አጭሼ ብታጠነው ትሉ ወልቆ እንደሚወድቅ አጫወቱኝ። ታላቅን አከብራለሁ፤ ነገር ግን መርዝ ነው፤ የታጠነውን ሰው አእምሮ ስቶ ሲለፈልፍ አይተው ነው ስሙን "አስተናግር" ያሉት። ለአማቴ የተናገርኩት ይበቃኛል። ደግሞ ትል የሚባል ነገር የለም። በአፋችን ያሉ ባክቴሪያዎች የምንበላውን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱ ነው አንተን ሲያሟሟህ የኖረው። ስኳሩን ማን አመጣላቸው አትበለኝ። በሻይ ሦስት ማንኪያ።

ጥር 13 ቀን ክሊኒኩ ተከፈተ። ደረጃውን ወጣሁ፤ ካርድ አወጣሁ፤ ወረፋ ያዝኩ። አንተም ጸጥ አልክ። ጭር! ችሎት ፊት እንደቀረበ ዱርዬ እጅህን አጣምረህ፣ በሕይወትህ ሰው ነክተህ የማታውቅ መሰልክ። ምላሴን ልኬ ገፋሁህ፤ አልተነፈስክም። እኔ ሞኙ "ተሻለኝ" ብዬ ወረድኩ። ፒያሳ ሳልደርስ፣ ጭማቂ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ወረድክብኝ። ተመለስኩ፤ በሩ ላይ ስደርስ እንደገና ዝም። ሦስተኛ ጊዜ ስወጣ የጥበቃ ሠራተኛው ተጠራጥሮ "ጋሼ፣ የሚፈልጉት ሰው አለ?" አለኝ። አለ፤ መንጋጋዬ ነው ልለው ብዬ ተውኩት።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። "ጋሼ፣ አፍዎን በደንብ ይክፈቱ" አለችና አየችህ። ራጅ ተነሳህ። ከላይ እስከ ሥርህ መካከል ተሰንጥቀሃል፤ መሙላት አያድንህም። "ከስንጥቁ ጎን ያለው ጉድጓድ ግን የቆየ ነው፤ መቼ ነው የጀመረዎት?" ብላ ጠየቀችኝ። "በቅርቡ" አልኳት።

እዚህ ላይ የምታውቀውን እንዳትናገር። አዎ፣ የዛሬ አምስት ዓመት የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ ሳለህ አንድ ሐኪም "ይሞላ" ብሎኝ ነበር። እኔም "ከበዓል በኋላ" አልኩት። የትኛው በዓል እንደሆነ አልተናገርኩም። የወይራ መፋቂያዬም የፊት ጥርሶቼን ብቻ ሲያገለግል መኖሩን አልክድም፤ ሰው የሚያየው እነርሱን ነዋ። ግን አንተስ? ነጩ ልባስህኮ በሰው ገላ ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ከአጥንትም ይጠነክራል። አጼ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. በቆረቆሩት ከተማ ግንቡ ድንጋይና ኖራ ይዞ እስከ ዛሬ ቆሟል። አንተ ከአጥንት የጠነከረ ለብሰህ በሽምብራ ፈረስክ። ግንቡ በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ አንተ በካርድ ክፍል።

ማደንዘዣው ከመንጋጋዬ ጥግ ተወጋ። ጥቂት ቆይቶ የግራው ከንፈሬ ጥሎኝ ሄደ። ጥርስና ከንፈር ሲደጋገፍ ያምር ይባላል፤ እርሱ ግን ገና መርፌ ሲያይ ካደህ። በጀርባዬ ተንጋልዬ ጣሪያውን ሳይ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ትዝ አለኝ፤ እነዚያ ዓይናቸውን አፍጥጠው ቁልቁል የሚያዩት መላእክት። አንዳቸውም ጥርሳቸውን አያሳዩም። ምክንያታቸው ዛሬ ገባኝ።

"መገፋቱ ይሰማዎታል እንጂ አያምዎትም" አለችኝ፤ እውነቷን ነበር። የማላውቀው ሰው ቤት ውስጥ ቁም ሣጥን የሚገፋ ይመስል ነበር። መጀመሪያ በቀጭኑ መሣሪያ ከድዴ አላቀቀችህ፤ ከዚያ በጉጠት ይዛ ወደ ጉንጭ፣ ወደ ምላስ፣ ወደ ጉንጭ፣ ወደ ምላስ። ደረቅ እንጨት ሲፈለጥ የሚሰማው ድምፅ ራስ ቅሌ ውስጥ ተሰማኝ። ከዚያ ብርሃኑ ላይ ከፍ አድርጋ አሳየችኝ፤ ሁለት ሥር፣ አጭር ሱሪ የታጠቀ ሽማግሌ የመሰልክ፣ ወገብህ ላይ ጥቁር ዋሻ። ይህች ናት? እኔን ሦስት ሌሊት ያስቆመችኝ ይህች ናት? አፍሬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ፋሻ አስነክሳ ግማሽ ሰዓት እንድይዘው አዘዘችኝ። ዛሬ መጉመጥመጥ የለም፤ መትፋት የለም፤ ትኩስ ቡና የለም፤ ከነገ ጀምሮ ለብ ያለ የጨው ውሃ። ጉድጓዱ ውስጥ የረጋው ደም ክዳን ነው፤ ክዳኑ ከተነሳ አጥንቱ ይገለጣል፤ ያኔ ከአንተ የከፋ ሕመም ይመጣል አለች። እናቴ ከዚህ ሁሉ የሰሙት "ቡና የለም" የሚለውን ብቻ ነው። አቦሉን አሳለፍኩ፣ ቶናውን አሳለፍኩ፤ በበረካው ላይ "ይህ ሕክምና ነው ወይስ ቅጣት?" አሉ። ጠያቂ ጎረቤት ሞላ። አፌ ፋሻ ነክሷልና መልስ አልሰጥም፤ ስለዚህ ሁሉም በተራ አፉን ከፍቶ የራሱን አሳየኝ።

ምላሴ ብቻ ለቅሶ እንደሚደርስ ዘመድ ወደ ጉድጓዱ ይመላለሳል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ስድስት ዓመት የሞላት ልጄ የፊት ጥርሷ እየተነቃነቀ ነው፤ ሲወልቅ ጣራ ላይ እንደሚወረወርና አዲስ እንደሚመጣ ታውቃለች። አንተንም እንወርውርህ ብላ ክብሪት ቤትህን ይዛ ቆማለች። አንተ ግን የማንም ምትክ ሆነህ አልመጣህም፤ ልክ በእርሷ ዕድሜ፣ የወተት ጥርሶቼ ሳይነኩ፣ ከኋላቸው ሳትጠራ ገብተህ የተቀመጥክ ነህ። ተተኪ የለህም። ይህን ላስረዳት ብሞክር ያበጠው ጉንጬ ቃሌን አጣመመው፤ እርሷም "እሺ" ያልኩ መሰላት። ቆርቆሮው ላይ አንዴ ነጠርክ፣ ሁለተኛ ነጠርክ፣ ከዚያ እየተንከባለልክ አሸንዳው ውስጥ ገባህ። ክረምት ሳይገባ ከዚያ እንድትወርድ፣ የውሃ መንገድ ዘግተህም ሌላ ወጪ እንዳታመጣብኝ በጥብቅ አሳስባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የቀድሞ አከራይህ

ግልባጭ፦
ለታችኛው የቀኝ መንጋጋ
ጥቁር ነጥብህን ዛሬ ጠዋት በመስታወት አይቻታለሁ። ከፋሲካ በኋላ እንነጋገራለን።