የጋን ዙሪያ ሸንጎ

ደብረ ብርሃን ላይ ሙሽራ ቢዘገይ ይጠበቃል፤ ጠላ ከዘገየ ግን ተጠያቂ ይፈለጋል። የታኅሣሥ ገብርኤል ሊነግሥ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ የማኅበር ተራ የደረሰው ቤት ጋኑ ዝም ካለ፣ ወሬው ከጓዳ ወጥቶ መንደሩን ለማዳረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። «ድፍድፉ አልፈላም አሉ» ይባላል በሹክሹክታ፣ የቤቱ ልጅ የታሰረ ይመስል። ከዚያ በኋላ ያ ጓዳ ጓዳነቱ ይቀርና ሸንጎ ይሆናል።

የመጀመሪያዋ ዳኛ የጓሮ ጎረቤት ናት። ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ፣ ክዳኑን አንሥታ፣ ጆሮዋን ወደ ጋኑ አፍ ታዘነብላለች። በደህና ቀን ድፍድፍ ቸስ ቸስ እያለ ያወራል፤ ፊቱ ላይ አረፋ ይነሣል፣ ይፈርጣል፣ እንደገና ይነሣል። ይኼኛው ትንፍሽ አይልም። ቀና ትልና፣ «እቴ፣ ይኼስ ዐይን ነው» ትላለች። የማን ዐይን እንደሆነ መጠየቅ ነውር ነው፤ ሳይጠየቅ ግን ይነገራል። ተጠርጣሪዋ ምንጊዜም ሰሞኑን ወንፊት ልትዋስ መጥታ «ውይ፣ ጌሾሽ እንዴት ያለ ነው!» ያለችው የታች ቤቷ ሴትዮ ናት። እኛ አገር አድንቆ «እግዜር ይባርከው» ማለትን የዘነጋ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ላም ብትነጥፍም ወተት ቢፈስም ስሙ ይነሣል።

አማት ሌላ ፍርድ አላቸው። «በኩርፊያ የተጠነሰሰ ጠላ መች ይፈላና» ይላሉ፤ ንግግሩ ለጋኑ፣ ዐይናቸው ለምራታቸው ነው። አባወራው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ጋን አጥቦ አያውቅም። ከግራዋና ከወይራ የትኛው ማጠቢያ፣ የትኛው ማጠኛ እንደሆነ ቢጠየቅ ይምታታበታል። ይሁንና አስተያየት አያጣም፦ «ጌሾው ነው፤ ነግሬሽ ነበር።» ምን እንደነገራት እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ዳኞቹ በአንድ ነገር ብቻ ይስማማሉ፤ ሳይቀምሱ አይፈርዱም። ስለዚህ ሸንጎው በተቀመጠ ቁጥር ክዳኑ ይነሣል፣ ጣሳ ይገባል፣ ምላስ ይጮሃል፣ ራስ ይነቀነቃል። ቅዝቃዜው ገባ፣ ነፋሱ ገባ፣ ከነፋሱ ጋር ጠላን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጠው ባክቴሪያም ገባ። ድፍድፉ ባይፈላም ይጎድላል።

ይህ ሁሉ ምርመራ ሲካሄድ ደጅ የተኛውን ውርጭ የሚጠቅስ አንድም አፍ አይገኝም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ይጠጋል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ለብሶ ይገኛል። የቤቱ ሰው ጋቢ ደርቦ፣ ብርድ ልብስ ጨምሮ፣ ልጆቹን መሐል አስገብቶ ይተኛል። ጋኑ ግን ባዶ መሬት ላይ፣ ያውም በሩ ሥር ተቀምጧል። ሸክላ ደግሞ ያልበዋል፤ ላቡ ሲተን ውስጡን ይበልጥ ያቀዘቅዘዋል። ቆላ ላይ በውኃ ማቀዝቀዣነቱ የሚመሰገንበት ጠባይ እኛ ዘንድ ሲደርስ በደል ይሆናል።

ጠላን የሚያፈላው እርሾ ነው፤ ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲየ የሚባለው፣ ቢራውንም ዳቦውንም የሚያነሣው ያው ፍጡር። ሉዊ ፓስተር ስለ ቢራና ስለ እርሾው ያጠናውን በ1876 እ.ኤ.አ. ካሳተመ ወዲህ ዓለም በዚህ ጉዳይ ጎረቤት መጠርጠሩን ትቷል ብንል፣ የእኛን መንደር ሳንቆጥር ነው። ይህ እርሾ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ባለው ሙቀት ደስ ብሎት ይሠራል። ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድበት እጁን አጣጥፎ ይተኛል። ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣበት ይጎዳል፤ ከ50 ሲያልፍ ግን ይሞታል። የተኛውን መቀስቀስ ይቻላል፤ የሞተውን ግን ማኅበርተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ቢያለቅስለት አይነሣም። እንኩሮውን ከምጣድ እንዳወረዱ፣ እፍ ሳይሉበት ጥንስሱ ላይ የሚገለብጡ ችኩሎች የሚያደርጉት ይህንኑ ግድያ ነው። ብርድ ነው ሲባሉ ጋኑን ፍም ላይ የሚጥዱም አሉ፤ እነሱ ከዚያው ወንጀል አልራቁም።

ብቅሉም መጠየቅ አለበት። የገብሱን ስታርች ወደ ስኳር የሚቀይረው ብቅል ነው፤ እርሾ ደግሞ የሚበላው ስኳሩን ነው። ጥሩ ያልበቀለ ወይም ሲደርቅ በኃይለኛ እሳት የተለበለበ ብቅል ከሆነ ማዕዱ ባዶ ነው። ጋን ትተው በፕላስቲክ በርሜል የሚጠምቁትማ በረኪናውን አጥበው ካላስወጡ ምንም አይጠይቁ።

በዚሁ ከተማ ሐበሻ ቢራም ዳሽን ቢራም ይጠመቃል። የእነሱ ጣጣ ከእኛ የተገላቢጦሽ ነው። እርሾ ሲሠራ ራሱ ሙቀት ያወጣል፤ ግዙፉ ታንክ ያንን ሙቀት አምቆ ስለሚይዝ ማቀዝቀዣ ይገጠምለታል። የእኛ ጋን ግን ትንሽ ነው፤ ያፈራትን ጥቂት ሙቀት ለግድግዳና ለወለል ገብሮ ያድራል።

ይህንን ለማስረዳት የሞከረ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አውቃለሁ። «እናቴ፣ ሙቀቱን እንለካ» አለና ከመሳቢያ የልጆች ትኩሳት መለኪያውን አምጥቶ ድፍድፉ ውስጥ ነከረ። ያ ዕቃ ከ35 ዲግሪ በታች አያነብም። ሜርኩሪው ከታች ጫፉ ንቅንቅ አላለም። አያቱ ተቀብለው ወደ ብርሃን አቅንተው አዩትና፣ «ትኩሳት የለውም፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው መለሱለት። ሳይንስ በዚያ ቤት ከዚያ በኋላ የመናገር ዕድል አላገኘም።

በነገራችን ላይ የኖርዌይ ገጠር ጠማቂዎች እርሾ ሲጨምሩ የመጮህ ልማድ ነበራቸው። ጠላ ሲጠመቅ የሚጮኸው እኛ ዘንድ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ እነሱ የሚጮኹት ግን እርሾው ላይ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቀላልነቱ ነው ያስናቀው። ከጋኑ ሥር ጭድ ይጎዝጎዝ። ከበሩ ተነሥቶ ወደ ምድጃው ይጠጋ፣ ላዩ ላይ ግን አይውጣ። ዙሪያውን በመንዝ ባና ይጠቅለል። በግ ሆኖ መንዝን የቻለ ጠጉር ለአንድ ጋን አያንስም። ክዳኑም ከተከደነ ይከደን። እርሾው ጨርሶ ደክሞ ከሆነ ግን አንድ ነገር ይጨመርበታል፦ ደህና ከፈላ ጠላ ሥር የተወሰደ ትኩስ አተላ። ሕያው እርሾ የሚዘቅጠው እዚያ ነውና።

ጉዱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ሰሞን፣ በዚያ ብርድ፣ ጠላዋ ቸስ ቸስ የሚል ጎረቤት አንዲት ብቻ ናት፤ ያቺው ዐይኗ ሲታማ የሰነበተው የታች ቤቷ ሴትዮ። ጋኗን ባና አልብሳ ምድጃ አጠገብ ያኖረች እሷ ብቻ ናት። ማን ይሂድ? ምራት አትሄድም፤ ዐይን ነው ያለችው የጓሮ ጎረቤት ወገቧን ያማታል፤ አባወራው «የሴት ነገር ነው» ይላል። በመጨረሻ ምንም የማያውቀው ትንሹ ልጅ ጣሳ ይዞ ይላካል። ሴትዮዋ ጣሳውን እስከ አፉ ሞልታ፣ በቅጠል ሸፍና ትሰጠዋለች። «ለእናትህ፣ ዐይኔን ጨምሬበታለሁ በላት» ትለዋለች። ልጁም አደራ የማይበላ ነውና ቃል በቃል ያደርሳል፣ ያውም አማትና የጓሮ ጎረቤት በተቀመጡበት።

ድፍድፉ ፈላ። በማግሥቱ ባለቤቱ በዛ። የጓሮ ጎረቤት «ፀበል ስላስረጨሁት ነው» አለች። አማት «ልጆቹ ታረቁ መሰለኝ» አሉ። አባወራው ስለ ጌሾው የተናገረውን እንዲያስታውሱለት ጠየቀ። የገብርኤል ዕለት የማኅበሩ ሙሴ የመጀመሪያውን ዋንጫ ተቀብለው፣ ጠጥተው፣ ጢማቸውን በመዳፋቸው ጠርገው ብዙ አሰቡ። ቤቱ ሁሉ አፋቸውን ይጠብቃል።

«ጌሾው በርከት ብሏል» አሉና ዋንጫውን መልሰው ዘረጉ።