ማስተካከያ፦ የመኪና መስታወትን በቤት ስለ ማጽዳትና ስለ መወልወል

ቀደም ሲል ባቀረብነው ጽሑፍ የጥርስ ሳሙና ማንኛውንም የመኪና መስታወት ጭረት እንደሚያጠፋ፣ አሞኒያ ያለበት ማጽጃም ለሁሉም መስታወት እንደሚሆን ገልጸን ነበር። ሁለቱም ትክክል ስላልሆኑ አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እየጠየቅን እናርማለን።

የጥርስ ሳሙና የደረቀ ቆሻሻን ያነሣ ይሆናል እንጂ ጭረትን አያጠፋም። መስታወትን በእርግጥ የሚወለውለው ሴሪየም ኦክሳይድ የተባለው ዱቄት ሲሆን፣ በውሃ ተለውሶ በለስላሳ ጨርቅ ይታሻል፤ በማሽን ሲታሽ በአንድ ቦታ የሚከማች ሙቀት መስታወቱን ሊሰነጥቀው ስለሚችል፣ እንዳይደርቅ ውሃ እየተረጨበት መሠራት አለበት። ጥፍር የሚይዝ ጥልቅ ጭረት ግን በዚህም አይለቅም፤ የፊት መስታወትን አንድ ቦታ ላይ አብዝቶ መፈግፈግም እይታን ያዛባል፣ ይህም ማታ ከፊት የመኪና መብራት ሲመጣ ለአሽከርካሪው አደገኛ ስለሆነ መስታወቱን ማስቀየር ይሻላል።

አሞኒያ በመስታወት ላይ የተለጠፈን ጥቁር ፊልም ይጎዳል። እንዲህ ያለውን መስታወት ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ማጽዳት በቂ ነው። የኋላው መስታወት የማሞቂያ መስመሮች ካሉት፣ ከውስጥ በኩል የመስመሮቹን አቅጣጫ ተከትሎ በቀስታ መጥረግ ያስፈልጋል።

ባለፈው ጽሑፍ ያልጠቀስነው፣ ከሁሉም በላይ ግን ልንለው የሚገባን ሌላ ነገር አለ። በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ ወይም በካዛንቺስ ደጅ ባደረ መኪና ላይ የሚያርፈው አቧራ፣ በተለይ ግንባታ አጠገብ ከሆነ፣ አሸዋና ሲሚንቶ ሊኖርበት ስለሚችል፣ በደረቅ ጨርቅ ወይም በጋዜጣ ሲታሽ ጭረቱን የሚፈጥረው እርሱ ራሱ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ በብዙ ውሃ ይታጠብ፤ የዝናብ መጥረጊያው ላስቲክም አብሮ ይጽዳ።